አለመቁረጥ፣ በቁጥር

ንድፉ ለአምስተኛ ጊዜ ተመለሰ። እንደ ልማዱ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሞ ጠበቃት። ንድፍ አውጪዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ፖስታውን ቀደደችው። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «ባዶ ስለሆነ ተሞልቶ ይቅረብ።»

«ባዶ!» አለች ጮክ ብላ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ቢኖርም ግድ አይሰጣትም። «ባዶ ያድርጋችሁ! አሥራ ሁለት ሄክታር ደን ባዶ ነው?»

እንዲያው እናንተው ፍረዱ። ይህች ሴት በከተማው የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። አደባባይ ሥሪ ሲሏት እሺ፤ መሃሉ ላይ ፏፏቴ ጨምሪበት ሲሏት እሺ። ፏፏቴዎቹ በተመረቁ በሦስተኛ ወራቸው ደርቀው የላስቲክና የሙዝ ልጣጭ ማጠራቀሚያ ሲሆኑ ጠዋት ማታ በአውቶቡስ መስኮት እያየቻቸው አልፋለች። ጡረታ ልትወጣ ዓመት ተኩል ሲቀራት የከተማው ዳር ደን የሕዝብ መናፈሻ ይሁን ተባለና ሥራው እሷ እጅ ገባ። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ለባሏ «ተመስገን ነው! አንዲት ነገር ሳላበላሽ ልወጣ ነው» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር፦ ደኑ የማንም እጅ ሳያርፍበት እንዲቆይላት።

ስምንት ወር ሙሉ ደኑን በእግሯ አዳረሰችው። ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚመላለስባቸውን አቋራጮች እየተከተለች ካርታ ላይ አሰፈረች። ከጭን የሚወፍረውን ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብላ ንድፉን አወጣች። ሰው በእግሩ ያቀናው መንገድ ባለበት ይቆይ። ወንዙ ጫማ በሚያርስበት ቦታ አንዲት የእንጨት ድልድይ ትጋደም። በራሳቸው ጊዜ ከወደቁ ግንዶች አራት መቀመጫ ይውጣ። መጸዳጃ ቤቱ ከደኑ ውጭ አስፋልቱ ዳር ይሁን። በቃ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይተው። የወረቀቱ አብዛኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ነጩ ነበር ሥራው፣ ማን ይረዳላት!

አንጀቷን የሚያሳርራት ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ንድፍ ነው። «ዘመናዊው» ይሉታል። ፏፏቴ አለው፣ የሲሚንቶ ደረጃ አለው፣ የሁለት መቶ መኪና ማቆሚያም አለው። ማቆሚያው የተነደፈው ደግሞ የት ላይ መሰላችሁ? ታች ረባዳው ላይ፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው የወይራ ዛፎች የቆሙበት ላይ። ከሁሉ የሚበልጠው ወይራ ሥር እሷ ስምንት ወር ሙሉ ምሳዋን በልታለች፤ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ አሸልባበታለች። የዓመቱ ዕቅድ ሊዘጋ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ የሷ ንድፍ ካልጸደቀ ዘመናዊው በቀጥታ ይገባል፤ ረባዳውም በመጋዝ ይጸዳል።

ኮሚቴው በማግስቱ ተሰበሰበ። ኮሚቴ ማለት ሰባት ሰው ነው፤ ሰባት ሰው ማለት ደግሞ ሰባት «ትንሽ ነገር» ነው።

«እኔ ብዙ አልጠይቅም» አለ የመብራቱ ሰውዬ። «ትንሽ ብርሃን። ሁለት መቶ ምሰሶ ቢሆን ይበቃኛል።»

«በር ከሌለው ሰው መግባቱን በምን ያውቃል?» አለ ሌላው።

የሕዝብ ግንኙነቷ ሴትዮ እጇን አወጣች። «ለልጆች አንድ የሲሚንቶ ቀጭኔ ብናቆምስ? ቆንጆ ቀጭኔ፤ ፎቶ የሚነሱበት።»

«ደኑ ውስጥ ጦጣ አለ» አለች ንድፍ አውጪዋ ጥርሷን ነክሳ። «ድኩላ አለ፣ ወፍ በየዓይነቱ አለ። ቀጭኔዋ ምን ቀረኝ ብላ ነው የምትመጣው?»

«ጦጣ ፎቶ ሲነሳ አርፎ አይቆምማ።»

እግዚኦ! ንድፍ አውጪዋ ወደ ሓላፊው ዞረች። ሓላፊውና እሷ መሥሪያ ቤቱን የተቀላቀሉት በአንድ ወር ነው፤ እሱ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ፣ እሷ ከንድፍ ጠረጴዛዋ አልተነቃነቀችም። ጠቡም ቀልዱም የቆየ ነው። ቢሮው በሙሉ እሷን የሚጠራበትን «እሜቴ አትንኩት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት እሱ ነው ይባላል።

«እሜቴ» አላት መነጽሩን እየወለወለ፣ «ሕዝቡ ምን ሠራችሁ ሲለን ምን እናሳየው?»

«ደኑን!»

«ደኑማ ድሮም ነበረ።»

«እኮ! ነገም እንዲኖር ማድረግ ነው ሥራው! ምኑ ነው የማይገባችሁ?»

ይሄኔ የዕቅድ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጽ የሚወድ ሰው ነው። «ቅጹ አርባ መስመር አለው» አለ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። «የሥራው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት። እርስዎ የሞሉት አራቱን ነው። ሠላሳ ስድስት መስመር ባዶ ይዞ የሚያልፍ ንድፍ የለም። ደግሞ መተው የሚባል የሥራ ዓይነት እኛ ጋ የለም።»

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን እዚህ መድገሙ አይጠቅምም። ወንበሯን ገፍትራ ተነሳች፤ በሩንም ከኋላዋ ስታላትመው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንብ ተገንጥሎ ወደቀ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ምድር ቤት፣ መኖሪያቸው ከላዩ ነው። አመሻሽ ላይ ስትገባ አናቱ ላይ አሥራ አንድ ፀጉር የቀረው ጡረተኛ ሾፌር አንሶላ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እሷም የደንበኞች መጠበቂያ ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ብሶቷን ዘረገፈችው። ሾፌሩ ባይሰማ ምን ነበረበት፤ ግን ወሬ ይወዳል፣ «ቀጭኔ?» እያለ በመሃል ይጠይቃል።

«ልቤን አወለቁት! ናላዬን አዞሩት! ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ አሉ። አምስት ጊዜ፣ ሰውዬ፣ አምስት ጊዜ መለሱት!»

«ራስ ሳይጠና ጉተና ነው የናንተ መሥሪያ ቤት ነገር» አለ ባሏ፤ መቀሱን ግን አላቆመም። ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ ይላል። በሾፌሩ ጆሮ ዙሪያ ይዞራል፣ ራቅ ብሎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያል፣ ተመልሶ ቅርጭ ያደርጋል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲለፋ ቆይቶ አንገቱን በብሩሽ አራገፈለት፣ ሽቶ ረጨለትና መስታወቱን ከኋላው ያዘለት።

«ጎሽ!» አለ ሾፌሩ አንገቱን እያዟዟረ። «አሁን ገና ሰው መሰልኩ።» ደስ ብሎት ወጣ።

ንድፍ አውጪዋ ወለሉን አየች። አንድም ፀጉር የለም። «ምኑን ነው የቆረጥክለት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ስታደርግ ቆየህ?»

«መቀስ ሳሰማው» አለ ባሏ መቀሱን እየጠረገ። «ሰውዬው የመጣው ፀጉር ሊቆረጥ መሰለሽ? እንደተሠራለት እንዲሰማው ነው። "አባቴ፣ ምንም የለህም፣ ሂድ" ብለው ተቀይሞኝ ማዶ ካለው ልጅ ጋ ይሄድና ያችኑ አሥራ አንዷንም ተላጭቶ ይመጣል። መቀስ ስላሰማሁት ፀጉሩ ተረፈለት።»

ሴትዮዋ መቀሱ ላይ አፈጠጠች። እንዲህ ስታፈጥ ደግሞ ባሏ ይፈራል፤ ሠላሳ ዓመት ያውቃታላ። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታም ቅጹን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ዛፍ አለመቁረጥ» ብላ ጻፈች። «መለኪያ፦ በቁጥር። ብዛት፦ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።» ቀጠለች። ድንጋይ ካለበት አለማንሳት፣ በቁጥር፣ ሁለት መቶ ስልሳ። የረገፈ ቅጠል አለመጥረግ፣ በሄክታር፣ አሥራ ሁለት። ወንዙን በገዛ መንገዱ መተው፣ በሜትር፣ ዘጠኝ መቶ። ባሏም ሱቁን ዘግቶ መጣና አብሯት ይሳለቅ ጀመር፤ «ወፍ አለማባረር፣ በቀን፣ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት» የሚለውን ያስጻፋት እሱ ነው። አርባው መስመር ጢም ብሎ ሞላ። የዛፍ ቆጠራ ደብተሯን አባሪ አደረገችበት፤ ደብተሩ የሚጀምረው ከረባዳው ከዚያ ከትልቁ ወይራ ነው፣ ቆጠራውንም የጀመረችው ከዚያ ስለነበር።

በሳምንቱ ጸደቀ። አንድም ሰው አልተቃወመም። የዕቅድ ሠራተኛው መስመር በመስመር ምልክት እያደረገ አለፈውና «እንዲህ ሲሟላ እንዴት ያምራል» አለ። የሕዝብ ግንኙነቷ ሴትዮ እንኳ ቀጭኔዋን ረሳቻት። ሓላፊው ብዕሩን አንስቶ ትንሽ አየት አደረጋት።

«አንብቤዋለሁ» አላት።

«በርታ» አለችው፤ ሳቋን ለመደበቅ ፈጥና ወጣች።

የዚች ሴትዮ እግር ያን ሰሞን መሬት አልነካም። «አየሃቸው? አንዳቸውም አላነበቡትም እኮ!» ትለዋለች ባሏን ምሳ ላይ፤ እራት ላይም ትደግምለታለች። ሰው ሁሉ ጅል፣ እሷ ብቻ ብልጥ ሆና ታየቻት። መቼም ሰው ነንና።

ሥራው ለተቋራጭ ተሰጠ። ተቋራጩ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጫማው ጭቃ የማይለየው፣ አፉን ሳይሆን እጁን የሚያሠራ ሰው ነው። ውሉን በፈረመ በማግስቱ ዝርዝሩን ታቅፎ ወደ ቢሮዋ መጣ። አጋጣሚ ሆኖ ያን ዕለት የደረቀ ፏፏቴ ይጠገን የሚል ደብዳቤ ደርሷት እርር ድብን ብላለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ይቺ ዛፍ አለመቁረጥ የምትለዋ መስመር... እንዴት እንደምትሠራ ቢያሳዩኝ ብዬ ነበር።»

«የተጻፈውን ማንበብ ነው!»

«አነበብኩት። ግን ተቆጣጣሪው ሲመጣ ምኑን አይቶ ይለካል? ሥራ ካልተለካ...»

«ወይ አምላኬ! አንተም ጀመርክ? እንደተጻፈው ሥራ! ሌላ ምንም አልጨምርልህም። አሁን ሥራ አለብኝ።»

ሰውዬው እሺ ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ደግሞ ስልክ ደወለ፤ ቁጥሩን አይታ አላነሳችም። ደኑንስ ሄዳ ለምን አላየችም ትሉ ይሆናል። የማይሠራ ሥራ ምን ቁጥጥር ያስፈልገዋል? እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። ሦስት ሳምንት ዝር ሳትል ቀረች።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን ልቧ ናፈቀና ከአውቶቡስ ደኑ ጋ ወረደች። ገና ሳትገባ ገመድ አጋጠማት። ከዛፍ ወደ ዛፍ የታሰረ ቀይና ነጭ ገመድ አቋራጩን ዘግቶታል። የገመዱ ማዶ ላይ ሁለት ጥበቃ ቆሟል፤ ከገመዱ ወዲህ ሆና የምትሟገታቸው ደግሞ የሆስፒታል ልብስ የምታጥብ ሴት ናት፤ በዚህ መንገድ ጠዋት ማታ ስትመላለስ ንድፍ አውጪዋ በዓይን ታውቃታለች።

«ቅጠሉን ትረግጪዋለሽ» ይላታል ጥበቃው።

«ድሮስ ምኑን ልረግጥልህ ነበር፣ ደመናውን?» ሴትየዋ ንድፍ አውጪዋን ስታይ ዞረች። «አንቺ ነሽ አሉ ይሄን ያዘዝሽ። ስምንት ወር ስትመላለሺ ደህና ሰው መስለሺኝ! ሃያ ዓመት የሄድኩበትን መንገድ ዘግተሽ አሁን በአስፋልት ዞሬ በየቀኑ አረፍዳለሁ። ምን አድርገንሻል?»

 ንድፍ አውጪዋ ገመዱን በራሷ ላይ አሳልፋ ገባች። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ ደኑ በሙሉ ይንኳኳል። መጀመሪያ ያየችው ዛፍ ላይ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ በምስማር ተመትታለች። ቆርቆሮዋ ላይ በጥቁር ቀለም «2,846። አልተቆረጠም» ይላል። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ድንጋዮቹ ኖራ ተቀብተው «አልተነሳም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዛፍ ዛፉን ያያል።

«እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችው።

«ወፍ አላባርርም» አለ ሽማግሌው በኩራት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ያሉት እውነታቸውን ነው። ሴትዮዋ መሃል ደን ውስጥ ቆማ ጮኸች። ወፎቹ እንኳ ብድግ አሉ፤ ሽማግሌው «እኔ አይደለሁም!» አለ ደንግጦ። ተቋራጩ መዶሻውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ምን አድርገህ ነው? ምን አድርገህ ነው አንተ ሰው? ማን ምስማር ምታ አለህ!»

«እትዬ፣ እንደተጻፈው ነው የሠራሁት» አለ። «ተቆጣጣሪው የማላየውን አልፈርምም አለ። አለመቆረጡ በምን ይታያል? ቁጥር ካልተለጠፈበት አንዱን ሁለቴ ይቆጥረዋል። ልጠይቅዎ መጣሁ፤ ደወልኩም። ሠራተኞቼ በየቀኑ ይቺን ዝርዝር የጻፈው ጤነኛ ነው ወይ ይሉኛል፤ ዝም በሉ፣ የተማረ ሰው የጻፈው ነው እላቸዋለሁ።»

ስልኳን አውጥታ ለሓላፊው ደወለች። ምን እንዳለችው አታስታውስም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰውየው በቢሮ ጫማው ቅጠሉን እየረገጠ ደረሰ፤ ሁለቱ ጥበቃዎችም አላስገባ ብለውት ኖሮ ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ያንተ ሥራ ነው!» ብላ ተቀበለችው። «ያንተና የኮሚቴህ! ሳታነቡ ትፈርማላችሁ፣ ሳታዩ...»

«አንብቤዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«አላነበብክም! ብታነበው...»

«አርባውንም መስመር» አለ ሓላፊው። ገመዱን ከአንገቱ አወለቀ። «ወፉ ላይ ስደርስ ሚስቴ ምን ነካህ እስክትለኝ ድረስ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ፈረምኩ። ያን የሲሚንቶ ቀጭኔ እኔስ ወድጄው መሰለሽ? መኪና ማቆሚያውንስ? ለበላዮቼ ዘርግቼ የማሳየው የሞላ ወረቀት ብቻ ነበር የቸገረኝ። ሰጠሽኝ፤ አሳየኋቸው፤ አለፈ። የቀረው ይህንን ልጅ ጠርተሽ "ወንድሜ፣ ይሄ ለወረቀቱ ነው፣ አንተ ድልድዩን ብቻ ሥራ" ማለት ነበር። ያንን ደግሞ አንቺ ነሽ የምትነግሪው ብዬ ተውኩት። ቀልዱ ያንቺ ነዋ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ልንገርሽ? ስትመጪ ትጮሂያለሽ፣ ስትወጪ በሩን ታላትሚዋለሽ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ "ይሄን ደን እወደዋለሁ፣ እርዳኝ" ብለሽኛል? ሁላችንንም ደንቆሮ አድርገሽን አረፍሽው።»

 ቁጣ አላጣችም፤ ቁጣ መቼም አይጠፋትም። ግን በማን ላይ ትወርውረው? ተቋራጩ ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። ስልኩንም አይታ ነው ያላነሳችው። ዞር ዞር ብላ ሌላ ጥፋተኛ ፈለገች፤ ወፍ ከማያባርረው ሽማግሌ በቀር ማንም አልነበረም።

«ስንት ላይ ደረሳችሁ?» አለችው ተቋራጩን፤ በዚያች ሴት አፍ ተሰምቶ በማይታወቅ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባት።»

«በቃ፣ አቁምልኝ። እባክህ።»

ሰውየው ሓላፊውን አየ። ሓላፊው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «የቀረው በዓይን ተለክቷል ብዬ እኔ እፈርማለሁ። ገመዱንም አሁኑኑ ፍቱት፤ ሰው ይለፍበት።»

መዶሻዎቹ ካንድ ጥግ ጀምረው እየቀነሱ እየቀነሱ ሄዱና ጸጥ አሉ። ገመዱ ሲፈታ ልብስ አጣቢዋ ማንንም ሳታይ፣ ማንንም ሳታመሰግን፣ ጥቅልሏን በክንዷ እንደያዘች በመንገዷ ነጎደች።

«እንንቀለው ካሉ እንነቅለዋለን» አለ ተቋራጩ። «የደረስንበትን ሁሉ።»

ንድፍ አውጪዋ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። የገባ ምስማር ሲነቀል ቁስሉ ሁለተኛ እንደሚከፈት፣ ዝናብና ነቀዝ በዚያው እንደሚገቡ ከማንም በላይ ታውቃለች። ተትቶ ቅርፊቱ ቢውጠው ይሻላል፤ እሱም ዓመታት ይፈጃል። ያኔ እሷ በሕይወት ትኑር አትኑር እንጃ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባት ዛፍ ጽሑፏን ተሸክሞ ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ካቆመቻቸው ፏፏቴዎች ሁሉ ይልቅ ይሄ ነው በየቦታው ስሟን የሚያስጠራው።

ብቻዋን ወደ ታች ወረደች። ወደ ረባዳው መሄድ አልፈለገችም ነበር፤ እግሯ ወሰዳት። ተቋራጩ ግን ሊያሳያት የቸኮለው ነገር ነበረውና ከኋላዋ ደረሰባት።

«እትዬ፣ ይሄኛውን ግን ለማንም አልሰጠሁም» አለ። ትልቁ ወይራ ሥር ቆሙ። ጀርባዋን አስደግፋ ምሳዋን ትበላበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ልክ በደረቷ ትይዩ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የምትበልጥ ቆርቆሮ ተመትታለች። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ጠርዙም በቀለም የተከበበ ነው፦ «1። አልተቆረጠም።» «ደብተርዎ ላይ አንደኛ ሆኖ ሳየው የሚወዱት ዛፍ መሆኑ ገባኝ። በራሴ እጅ ነው የመታሁት። ወይራ ደግሞ ጉደኛ ነው፣ ምስማር ያጣምማል፤ ስድስቱን አጣመመብኝ። ሰባተኛውን ግን እስከ አናቱ ሰደድኩት። እርስዎም ልጅዎም ያልፋሉ እንጂ እሱ አይነቃነቅም።»

አየችው። ከቆርቆሮዋ ዙሪያ ስድስት ቀዳዳ አለ፤ ከሁሉም ቀላ ያለ ውሃ ወርዶ ቅርፊቱ ላይ ደርቋል። ጉሮሮዋ ላይ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ስድብ ተሰልፎ መጣ። ቀና ስትል ሰውዬው ያያታል፤ የቀኝ እጁ አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ደህና ሥራ ሠርቶ «ጎሽ» መባልን የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ አለ።

«እጅህ ይባረክ» አለችው።